ጭምብል የለበሰው ሸክላ

የማወራችሁ ሁሉ እውነት ነው። በእናቴ ስም እምልላችሁ ነበር፤ እሷ ግን ገና የወተት ጥርሴን ሳልጨርስ በስሟ እንዳልምል ከልክላኛለች። «አንተ በማልክ ቁጥር እኔን ነው ራሴን የሚያመኝ» ትል ነበር። ስለዚህ በገዛ ጆሮዬ እምላለሁ፤ ከዋሸሁ ይደንቁር። ትምህርትን እኔ እስከ ሰባተኛ ክፍል ገፋሁት፤ ከዚያ በኋላ እሱ እኔን መግፋት ስለጀመረ ተለያየን። ቢሆንም በዓይን ያዩትን ለመናገር ዲፕሎማ አይጠየቅም። አባቴ የሸክላ አንድ ሙሉ ፊት፣ የዶሮ እርባታ ትምህርት፣ ሮክ ሙዚቃ ነው ብሎ፣ በተከበሩ ሰዎች ፊት አጫውቷል። የተከበሩት ሰዎችም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተውታል። እኔ እዚያው ነበርኩ። እንዲያውም የነገሩ ሁሉ ጠንሳሽ እኔ ነኝ።

አባቴ ባትላሜራ ነበር። ተጋጭቶ እንደ ተጨመቀ ቆርቆሮ የሚመጣ መኪና ሁሉ እሱ እጅ ገብቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ቅርፁን ይዞ ይወጣል። ጋራዡ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ላሜራ ሲደበድብ ይውላል፤ ስሙንም ሰዉ ሁሉ ረስቶት «መዶሻ» ነበር የሚለው። ማታ እጁን በሳሙናና በአሸዋ ፈትጎ ሲጨርስ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። ሸክላዎቹን በሁለት ጣቱ፣ ጠርዝ ጠርዛቸውን ብቻ ይዞ ሲያወጣ ብታዩት ያ ሰውዬ ቀን መዶሻ ያነሳል ብላችሁ አታምኑም።

የሚሰበስበው ሸክላ ግን የሰው ዓይነት አልነበረም። ሁሉም የሚያውቀውን ዘፈን በነፃ ብትሰጡት «ይሄማ ያለኔም ይኖራል» ብሎ ይመልስላችኋል። እሱ የሚፈልገው ኩባንያ የሌላቸውን፣ አሳታሚ ያላያቸውን፣ አልጋቸውን ሸጠው አንድ ሸክላ አሳትመው ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ተጣልተው የተበተኑ የሮክ ባንዶችን ነው። የቧንቧ ሠራተኞች ባንድ ነበረው። ድምፃዊው የሚንተባተብ፣ ሲዘፍን ግን የሚስተካከልለት ባንድ ነበረው። አንዱ ባንድ ደግሞ ስቱዲዮ መከራየት ስላልቻለ ሙሉ ሸክላውን የቀዳው ሊፍት ውስጥ ነው፤ ሊፍቱ ፎቅ በደረሰ ቁጥር ደወሉ ከጊታሩ ጋር ይሰማል። አባቴ ስለዚያ ደወል ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል። እማዬ ደግሞ «የሰው ባል ወርቅ ይዞ ይገባል፣ የኔው ሊፍት ይዞ ገባ» ትል ነበር። እያለችም ሽፋኖቹን በለስላሳ ጨርቅ ትወለውላለች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ለደንበኛ ይዘጋል፤ ለሸክላ ይከፈታል። ባለቤቱ ፀጉር አስተካካይ ማጫወቻውን የመላጫውና የፓውደሩ መደርደሪያ ላይ ያኖረዋል። ዘወትር የሚመጡት አባቴ፣ ጨርቋን ይዛ እየጠለፈች የምትሰማው ልብስ ሰፊ፣ እና «ማይክሮስኮፕ» የምንለው ሰውዬ ናቸው። ማይክሮስኮፕ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ኃላፊ ነው። ከኪሱ ማጉያ መነፅር አይጠፋም፤ በሸክላ ላይ ያለን ጭረት አይቶ ድመት ናት የቧጨረችው ወይስ ሚስት ብሎ ይለያል። እሱና አባቴ ሲገናኙ ሰላምታቸው ራሱ ፉክክር ነው።

የቤቱ ደንብ እንዲህ ነው። ባለ ተራው ሸክላውን ያለ ሽፋን፣ በተራ የወረቀት ከረጢት ያመጣል። የባንዱ ስም የተጻፈበትን መሃሉን ደግሞ በክብ ነጭ ወረቀት ለጥፎ ይሸፍነዋል። ይህ «ጭምብል» ይባላል። ሲያጫውት ከባለ ተራው በቀር ማንም ትንፍሽ አይልም። ባለ ተራው ብቻ፣ አንድ ነገር ሊመጣ ሲል ቀደም ብሎ ይጠቁማል፤ «አሁን ጊታሩን ጠብቁ» ይላል። ሲያልቅ የባንዱን ስም ያወቀ ሰው ሸክላውን ቤቱ ወስዶ ይከርምበታል፤ ለሌሎቹም በካሴት ይገለብጥላቸዋል። ማንም ካላወቀ ባለ ተራው ጭምብሉን ገልጦ ደስ ላለው ያውሰዋል። ብርቅ ሸክላ ደብቆ ለብቻው የሚሰማ ሰው እዚያ ቤት እንደ ሌባ ነው የሚታየው።

እኔ የምቀመጠው የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ነበር። አባቴ ሁልጊዜ ከትልቁ መስታወት ፊት ለፊት ይቀመጣል። ጢሙን ለማየት ነው እል ነበር፤ ለጢሙ የሚጨነቅ ሰው ነውና። አሁን ነው የገባኝ። ከዚያ ቦታ ሆኖ የቤቱን ሰው ሁሉ ከንፈር ያያል።

በዚያ ዓመት እኔና አባቴ አንድ ጨዋታ ጀምረን ነበር። ጀምረን ነበር ብዬ የማምነው እኔ ነኝ። ከኋላው ሄጄ «አባዬ!» እላለሁ፤ ዝም። «እሳት!» እላለሁ፤ ዝም። አንድ ቀን የድስት ክዳንና ጭልፋ አምጥቼ ከጀርባው ደለቅኩት። ትከሻው እንኳ አልተንቀሳቀሰም፤ ጫማውን ማሰሩን ቀጠለ። እኔ በዚህ ሰው እንዴት እንደኮራሁ! የሰፈሩ ልጆች አባቶች ፊኛ ሲፈነዳ ይዘላሉ፤ የኔ አባት ግን ጨዋታውን ስለያዘ ዓለም ብትፈነዳ አይዞርም። «አንድ ቀን አዞርሃለሁ» እለዋለሁ በልቤ። እማዬ ደግሞ ልታናግረው ስትፈልግ ወለሉን በእግሯ ትመታለች፤ እሱም ዞር ይላል። ተቆጥታ ይመስለኝ ነበር። ምን አጠፋ እያልኩ ስንቴ አዘንኩለት።

ከዚያ ባለ ባትሪው መጣ። አባቴ አንድ ቀን ከጋራዥ በጊዜ ወጥቶ፣ እኔን አስከትሎ፣ አልኮል አልኮል የሚሸት ነጭ ክፍል ወሰደኝ። ነጭ ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ አባቴን አስቀምጦ ትንሽ ባትሪ አበራና ጆሮው ውስጥ ይመለከት ጀመር። መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ሲመለከት ደግሞ ለራሱ ያንጎራጉራል። ያንጎራጎረው የሊፍቱን ባንድ ዘፈን ነው! ያን ዘፈን የሚያውቅ ሰው ከፀጉር ቤቱ ውጭ የለም። ታዲያ ከየት አመጣው? እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ባትሪውን እያበራ ከአባቴ ጆሮ ውስጥ እያነበበው ነው።

አባቴ ዞር ብሎ ከንፈሩን ሲያይ ዘፈኑን አወቀው መሰለኝ፣ እንደ ልጅ ደስ አለው። ሲወጡ ተቃቅፈው ነበር የወጡት። «እሁድ ፀጉር ቤቱ ና» አለው አባቴ። ባለ ባትሪው ግን ፊቱ ደስተኛ አልነበረም። ቀስ ብሎ፣ አፉን በደንብ እየከፈተ፣ «መዶሻውን አሁኑኑ ብትተወው እንኳን፣ የቀረውም ይሄዳል» አለው። እኔም እጄን በጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። ሰውዬው የአባቴን ዘፈኖች አንብቦ ሲጨርስ የኔን እንዳይጀምር።

ሰውዬው የጆሮ ሐኪም ነበር። የሊፍቱንም ሸክላ በተማሪነቱ ገዝቶ አንድ ወንድሙ ሰብሮበት ሲናፍቀው የኖረ ምስኪን ነው። ይህ ሁሉ በደንብ የገባኝ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ጠላቴ ነበር።

ጠላትነቱን ያከረረው ደግሞ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ የሰማሁት ወሬ ነው። የአባቴ ተራ የሚደርስበት እሁድ ቀርቦ ነበር። እማዬ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች ትናገራለች፤

«የትኛውን ልትወስድ ነው?»

«ዝገትን።»

«ዝገት» የአንድ ባንድ ስም ነው። ሽፋኑ በመኪና ቀለም የተረጨ፣ መደርደሪያው ላይ ከሁሉም ኋላ የሚቀመጥ፣ እኔ እንዳልነካው የተከለከልኩት ሸክላ ነው። የጋራዥ ልጆች ናቸው ያሳተሙት። ከበሮውን የመታው አባቴ ነው። ይህን ከእማዬና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም፤ ለማይክሮስኮፕ እንኳ አልነገረውም።

«አንተ ሰው፣ ያንን እኮ ለማንም አሰምተህ አታውቅም።»

«አንድ ጊዜ ላሰማቸውና በክብር ልውጣ። ሳላውቅ ተሳስቼ መሳቂያ ከምሆን አሁን ልውጣ።»

«ከዚያስ ማን ይወስደዋል?»

«ማንም ስሙን አያውቀውም። ለሐኪሙ ነው የምሰጠው፤ እሱ ይጠብቅልኛል። እኔ ከእንግዲህ ምን ላደርግበት ነው?»

እማዬ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። እኔ ደግሞ በሩ ጀርባ ጥርሴን ነከስኩ። ያ ባለ ባትሪ ከጆሮው የወሰደው አልበቃ ብሎት አሁን ደግሞ የአባቴን ከበሮ ሊወስድ ነው! ከየት እንደሚወጣና ለምን እንደሚወጣ አልገባኝም፤ ሸክላው እንደሚሄድ ግን ገባኝ። ልጅ የሚገባው ነገር ሲይዝ አይለቅም።

አባቴ ሸክላዎችን በካርቶን ሙሉ፣ ሳያይ ነበር የሚገዛው፤ ውስጡ ዕንቁም ይኑር ጉድ አይታወቅም። ከካርቶኖቹ በአንዱ ውስጥ «ዘመናዊ የዶሮ እርባታ» የሚል ሸክላ መጥቶ ከአልጋዬ ሥር ወድቆ ነበር። ትምህርቱ በምዕራፍ የተከፈለ ስለሆነ በመካከሉ እንደ ዘፈን ክፍተት አለው፤ በዓይን ብታዩት ከሮክ አትለዩትም። አባቴ ቅዳሜ ዝገትን ጭምብል አልብሶ፣ ከረጢት ውስጥ ከቶ በር አጠገብ አስቀመጠው። እኔ ብርጭቆ በወረቀት ላይ ደፍቼ፣ ዙሪያውን ቆርጬ፣ በኮላ ለጥፌ ለዶሮዎቹም ጭምብል አለበስኩላቸው። ከዚያ ለዋወጥኳቸው። ዝገትን ከፍራሼ ሥር አስገባሁት። ማታ እማዬ ሳልጠየቅ መተኛቴን አይታ ግንባሬን ዳሰሰች።

እሁድ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ነበር፤ ባለ ባትሪውም መጥቷል። አባቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ሸክላውን በሁለት ጣቱ አውጥቶ ማጫወቻው ላይ አኖረና፣

«ድምፁን ጨምርልኝ» አለው ፀጉር አስተካካዩን።

«ጎረቤት አለብኝ ወንድሜ።»

«ዛሬ ጎረቤትህም ይስማ። ጨምር!»

ጨመረ። አባቴ መርፌውን እንደ ላባ አሳረፈው፤ ከመስታወቱ ፊት ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። «ዝም በሉ» አለ። «መጀመሪያ ጊታር ብቻውን ነው። ድምፁ ንጹሕ አይደለም፤ ሆን ብለው ነው እንዳትታለሉ።»

ድምፅ ማጉያው ተንጓጓና አንድ ጉሮሮው የጠራ ሰውዬ፣ «ውድ አድማጮች» አለ፤ «በዛሬው ትምህርታችን የጫጩት ቤት አሠራርን እንመለከታለን።»

«ሰማችሁት?» አለ አባቴ።

የልብስ ሰፊዋ መርፌ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ሳይወጣ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ማጫወቻውን አየ፤ አባቴን አየ፤ ማጫወቻውን አየ። ባለ ባትሪው አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱን በእጁ ጨመቀ።

«ቤቱ ከነፋስ የተከለለ፣ ነገር ግን በቂ አየር የሚያስገባ መሆን ይኖርበታል።»

«እዚህ ጋ!» ብሎ ጮኸ አባቴ፤ «ባሱን ስሙት! እንዴት ከሥር እንደሚመጣ!» እጁም ጀመረው። ቀኝ እጁ ጉልበቱን፣ ግራው የወንበሩን ክንድ፣ እግሩ የእግር ማሳረፊያውን ይመታል። ፊቱ ላይ ያኔ ያየሁትን ብርሃን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ሰውዬው ስለ መኖ ሲናገር አባቴ ፍጥነት ጨመረ። ሰውዬው ስለ ኩስ አጠራረግ ሲናገር አባቴ ረጋ አለ፤ «ይሄ ቦታ ያሳዝናል» አለ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታው ግን ጩኸት ነበር።

እኔ ፈንጠዝያ ውስጥ ነኝ። ያዝኩት! አሁንስ ይዞራል! ግን አይዞርም። ገባኝ፤ ተንኮሌን ገና ከመጀመሪያው ቃል አውቆብኝ በተንኮል እየመለሰልኝ ነው። በድስት ክዳን ያልዞረ ሰው በዶሮ ይዞራል? እንዲህ ያለ አባት ማን አለው!

መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ራሷን መነቅነቅ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ከእጁ ጋር። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ በማበጠሪያው መዳፉን መታ መታ አደረገ። ባለ ባትሪው ቀና ብሎ በእግሩ ተከተላቸው። አዋቂዎቹ ሁሉ በጨዋታው ገቡ! በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ፀጉር አስተካካዩ ገርበብ ሲያደርገው አንዲት መንገደኛ ሴት አንገቷን አስገብታ «ይቅርታ፣ የመኖውን ልክ ይደግሙልኛል?» አለች። ጆሮዬን ብያለሁ።

አባቴ ዓይኑን ከፍቶ መርፌው የደረሰበትን አየ። የዝገት የመጨረሻ ዘፈን በሚያልቅበት ቦታ ላይ አነሳው፤ «ጫጩቶቹ የመዳከም ምልክት ሲያሳዩ ወዲያውኑ—» ጭጭ።

«እሺ» አለ አባቴ፤ ላቡን እየጠረገ ማይክሮስኮፕን በመስታወቱ ውስጥ አየው። «ማነው?»

ማይክሮስኮፕ ማጉያ መነፅሩን ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጣል። ይህ ሰው አንድም ቀን አላውቅም ብሎ አያውቅም፤ የማያውቀውን ባንድ እንኳ «አሁን አፌ ላይ ነበር» ይላል። ተነሳና ከአባቴ ፊት ለፊት ቆመ።

«ተሸነፍኩ መዶሻ» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

አባቴ እጁን ጨበጠው። «ዝገት ይባላሉ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ሸክላውን ጭምብሉን እንኳ ሳይገልጥ ከረጢቱ ውስጥ መልሶ ለባለ ባትሪው ሰጠው። ከዚያ ኮቱን እየለበሰ፣ «ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ሥራ ገብቶብኛል፤ አትጠብቁኝ» አለ። ሁሉም ወለሉን ያያሉ፤ ወለሉ ላይ ፀጉር እንኳ አልነበረም።

ያን ሳምንት ሙሉ አባቴ ዓይኑን ጠቀስ እስኪያደርግልኝ ጠበቅኩ። አላደረገም። እራት ላይ ፈገግ ብዬ «ጩ ጩ» እለዋለሁ፤ እሱ ዳቦውን ያቀብለኛል። ሰው ይህን ያህል ጨዋታ ይይዛል? አዋቂ ስሆን እማዬ ነገረችኝ፤ ያኔ የሚሰማው ከውኃ ውስጥ እንደሚመጣ የራቀ ጉምጉምታ ብቻ ነበር። በራሱ ውስጥ ግን ዝገት ከዳር እስከ ዳር፣ ያለ አንድ ጭረት ይጫወታል። ያን እሁድ እሱ የሰማው ያንን ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ከምሳ በኋላ በራችን ተደበደበ። እማዬ ከፈተች። ማይክሮስኮፕ ነው፤ ሸክላ በብብቱ ይዟል። አባቴ ፊት ሄዶ ቆመና አፉን በደንብ እየከፈተ፣

«ተነስ እንጂ» አለው።

«ሥራ አለብኝ ብያችኋለሁ።»

«እሁድ ማን መኪና አጋጨልህ? ተራው የኔ ነው። አንተ ከሌለህ ማንን ልብለጥ? ያቺን ልብስ ሰፊ?»

አባቴ እማዬን አየ። እማዬ ኮቱን አቀበለችው፤ አላቀበለችውም፣ ትከሻው ላይ ጣለችበት።

ፀጉር ቤቱ ስንደርስ ወንበሮቹ ተዘበራርቀዋል። ሁልጊዜ ፊታቸው ወደ ድምፅ ማጉያው ነበር፤ አሁን ወደ አባቴ ወንበር ነው። ማይክሮስኮፕ ጭምብል የለበሰ ሸክላውን አኖረ፤ መርፌውን አወረደ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ማውራት ጀመረ! ጥቆማ አይደለም፤ ወሬ ነው።

«ጊታሮቹ ሁለት ናቸው መዶሻ። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ይሰድበዋል።»

«ድምፃዊው ጉንፋን የያዘው ይመስላል» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የምን ጉንፋን!» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ «ሲያለቅስ አድሮ ነው። ይኸው አሁን ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ሊበጠስ ነው፤ ሊበጠስ ነው... ያዘው!»

ደንቡን ሲሽሩ ሳይ ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ባለ ተራው ብቻ ነው እኮ የሚያወራው! ሸክላውን አላሰማ አላችሁኝ!» አልኩ።

«ደንቡ ተቀይሯል» አለኝ ፀጉር አስተካካዩ፤ ዓይኑን ከአባቴ ሳያነሳ። «አንተ ቁጭ በል።»

ባለጌ ሆኑ ብዬ አሰብኩ። ልጅ ነበርኩ፤ አራት ሰዎች አንድን ዘፈን ተሻምተው ለአንድ ሰው ሲነግሩት አይቼ አላውቅም ነበር።

አባቴ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲዞር ቆየ። አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ተነሳ። የሚነሳና የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ እነሱም ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ልብስ ሰፊዋ ጨርቋን ጨብጣ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ አባቴ ወንበሩን ጎተት አድርጎ፣

«ሁላችሁም በአንዴ ከተናገራችሁ የማንን አፍ ልይ?» አለ። «በተራ በተራ!»

ሳቁ! ፀጉር አስተካካዩ እስኪያስለው ሳቀ። ማይክሮስኮፕ «እኔ ጊታሩን ይዤዋለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ» አለ፤ ባሱ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ድምፁ ለልብስ ሰፊዋ፣ ከበሮው ለባለ ባትሪው ደረሰ። ባለ ባትሪው ምቱን በእጁ እያሳየ ሲተርክ ስለዘገየ አባቴ «ሐኪም ሆይ፣ አዝግመሃል» አለው።

የሸክላው ፊት ሲያልቅ ባለ ባትሪው እኔ ወንበር አጠገብ መጥቶ ከረጢቱን ጭኔ ላይ አኖረው። «ይሄ የናንተ ነው መሰለኝ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «እኔ ጨርሼዋለሁ፤ ጫጩቶቼ አድገዋል። ጭምብሉን የለጠፈው ልጅ መሆኑ ያስታውቃል፤ ያኛውን አምጣው። ልወስደው አይደለም፤ አባትህ ገና አላሰማንም።»

ዶሮ የሚያረባ ሰው ክፉ እንደማይሆን ስለገመትኩ ታረቅኩት። ሮጥኩ፤ ፍራሼን ገለበጥኩ፤ ዝገትን ደረቴ ላይ አቅፌ ተመለስኩ። ፀጉር አስተካካዩ ተቀብሎኝ ማጫወቻው ላይ ሲያኖረው አባቴ ጭምብሉን አይቶ፣ «ሐኪሙ መለሰልኝ? ያለፈውን መድገም ምን ይሠራል?» አለ።

«አልጠገብነውም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

መርፌው ወረደ። ጊታር፤ ብቻውን፤ ንጹሕ ያልሆነ፤ ሆን ተብሎ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልተናገረም፤ ለዚህ ሸክላ ተራኪ አያስፈልግም ነበር። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ባሱ ከሥር መጣ፤ ከዚያ ከበሮው ገባ፤ የአባቴም እጅ ጉልበቱ ላይ አብሮ ገባ። ቀኝ፣ ግራ፣ እግር። ከበሮው ሲቆም እጁ ይቆማል፤ ሲንደረደር ይንደረደራል፤ በአንድ ትንፋሽ እንኳ አይለያዩም። ማይክሮስኮፕ ድምፅ ማጉያውን ያያል፤ የአባቴን ጉልበት ያያል። ማጉያ መነፅሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ በእግዜር ይዣችኋለሁ፣ የአባቴን እጅ አየበት።

ከዚያ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ደንብ የለ፣ ምን የለ፤ የአባቴን ትከሻ ይዞ ነቀነቀው።

«አንተ ነህ! ከበሮው አንተ ነህ! ባለፈው እሁድ ከዶሮው ጋር የመታኸው ይሄንን ነው!»

አባቴ ከንፈሩን አነበበ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ደስታ መጣ። ከዚያ ቅንድቡ ተሰበሰበ።

«የምን ዶሮ?»

መርፌው ሸክላው ላይ ይዞራል፤ ዝገት ይጮኻል። ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተ። ማይክሮስኮፕ አፉን ይዞ ቀረ። መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊዋ ጨርቋን አስቀምጣ፣ እፊቱ ቁጢጥ ብላ፣ ሁሉንም ነገረችው፤ የጫጩቱን ቤት፣ የአየሩን፣ የመኖውን፣ በሩን ያንኳኳችውን ሴትዮ።

«ሙሉውን ፊት?» አለ አባቴ።

«ሙሉውን።»

«እናንተስ?»

«እኛማ» አለ ፀጉር አስተካካዩ «ራሳችንን ስንነቀንቅ ነበር።»

አባቴ አንድ ጊዜ ሁሉንም በየተራ አያቸው። የልብስ ሰፊዋን፣ የሐኪሙን፣ የማይክሮስኮፕን ፊት። ከሆዱ የጀመረ ነገር ትከሻውን አናወጠው፤ ሳቅ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የሳቁን ድምፅ ስለማይሰማው ልኩን አያውቅም፤ ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ ተንቀጫቀጩ። «ኩሱ ላይ ነው ያሳዝናል ያልኩት?» ይላል፤ እንደገና በሳቅ ይወድቃል። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን ተደግፎ ይስቃል፤ ልብስ ሰፊዋ በጨርቋ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ሲበርድለት ዞረ። ወደኔ። «ና» አለኝ።

ሄድኩ። ጥፊ ስለሚመጣ ጉንጬን ነፋሁት። አባቴ ግን ጎንበስ ብሎ አገጬን ያዘ፣ አፌን ለማየት።

«ሌላስ አለህ?» አለኝ።

«የከብት ማድለብ» አልኩ።

«ለማይክሮስኮፕ ተራ አስቀምጠው።»

እንግዲህ እኔ ያን ቀን ወደ ቤት የተመለስኩት ጨዋታውን አሸንፌ ነው፤ አባቴ ዞሯል። አብሮኝ እየሄደ እጄን ይዞ የዝገትን ምት መዳፌ ላይ ይመታ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረውም ጆሮው ሄደ፤ ሐኪሙ እንዳለው። እሁድ ግን አንድም ቀን አልቀረም። ሸክላም መግዛቱን አላቆመም፤ በካርቶን ሙሉ፣ ሳያይ፣ አሁን ደግሞ ሳይሰማ። ያመጣና እነሱ እስኪነግሩት ይቁነጠነጣል። ሲጣሉበት ደስ ይለዋል፤ «አንዱ ዝናብ አለኝ፣ አንዱ መጥበሻ አለኝ፤ ጥሩ ጊታር ማለት ይህ ነው» ይል ነበር። ዝገት በካሴት ተገልብጦ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ የማላውቀው ሰው መኪና ውስጥ ሰምቼው አውቃለሁ። ሹፌሩን ከበሮ መቺው አባቴ ነው ብለው ውሸታም አለኝ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ጆሮዬም እስከ ዛሬ ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። የመንገደኛዋ ሴት ይመስላችኋል፤ አይደለችም፣ እሷ መጥታለች። የጨመርኩት ማይክሮስኮፕ «ተሸነፍኩ» ያለውን ነው። በዚያ በዶሮው እሁድ አባቴ «ማነው?» ሲለው ማይክሮስኮፕ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ተነስቶ በሩ ጋ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቶን መንገዱን እያየ ቆመ፤ አባቴም ስሙን ለባዶ ወንበር ነው የተናገረው። ባለፈው ሰሞን ልጠይቀው ሄጄ ነበር። አርጅቷል፤ ማጉያ መነፅሩን አሁን ለጋዜጣ ነው የሚጠቀምበት። ያን ቀን አነሳንና «ተሸነፍኩ ልለው ነበር እኮ» አለኝ፤ «እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ልለው ነበር። አንደበቴ ተሳሰረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

ይኸው በኔ ወሬ ውስጥ ብለኸዋል ጋሼ። አባቴም እጅህን ጨብጧል።